ለአንድ ብር ዘጠኝ ብር፦ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአሥር በመቶው ጣሪያ

ስሌቱ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም። አንድ ማኅበር ከጠቅላላ ገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ መቀበል አይችልም ከተባለ፣ ከባሕር ማዶ የምትመጣውን አንዲት ብር ለመቀበል ዘጠኝ ብር ከአገር ውስጥ ሰብስቦ መጠበቅ አለበት። አንድ ሚሊዮን ብር ይዞ በር ላይ የቆመ ለጋሽ ሊኖር ይችላል። ዘጠኙን ሚሊዮን ከአገር ሰው ኪስ ያላገኘ ማኅበር ግን እንግዳውን አመስግኖ ከመሸኘት ሌላ ምርጫ የለውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ይህንን ስሌት በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብትና የጾታ እኩልነት ሥራ ላይ ጫነው። አዋጁ የነካቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የማነሣው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ብቻ ነው። የመረጥኩትም በምክንያት ነው፤ የዚህ ማኅበር ሥራ በነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ላይ በጣት የሚጠቆም ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገበ ማኅበር በአንድ አንቀጽ ጉልበቱ ከከዳው፣ ጥያቄው የአዋጁ ክፋት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቀድሞውኑ በምን ላይ ቆሞ ነበር ብሎ መጠየቅም ግድ ይላል።

ፌስታል ይዘው የሚመጡት

ማኅበሩ የተመሠረተው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1995 ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነት ዕውቅና ሰጥቶ ነበር፤ በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ግን ሌላ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች ይላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይሰጠዋል። በሕገ መንግሥቱ ዝግጅት ወቅት በሕግ ባለሙያነት የሠሩት የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የሙያ ባልደረቦቻቸው ይህንን ክፍተት ከማንም ቀድመው ያዩት ሥራቸው ስለነበረ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። ይህን ሥራ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ችሎት ውስጥ የሚደረግ ክርክር ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ከችሎት ውጭ ነው። ሴትዮዋ ፌስታል ይዛ ትመጣለች። ፌስታሉ ውስጥ የልጅ የክትባት ካርድ፣ ዳሩ የተቃጠለ ፎቶግራፍ፣ ባል የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ የጻፈው ደብዳቤ አለ። የጋብቻ ወረቀት የለም፤ ጋብቻው በሽማግሌ የተፈጸመ ነው። ስለዚህ ቀለብ ከመጠየቁ በፊት ጋብቻው መኖሩን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሮቹ የባል ዘመዶች ናቸው። አቤቱታው ይጻፋል፣ መጥሪያ ይወጣል፣ ባል መጥሪያ አልደረሰኝም ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። በየቀጠሮው የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ወጪ አለ። አንዳንዷ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ትቀራለች፤ የቀረችውም ስለተሸነፈች ሳይሆን ስለደከማት ነው። ድጋፍ የሚባለው ነገር እንዳትቀር ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል።

ሁለተኛው እግር ሕግ ማስለወጥ ነው። ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን በደንብ የሚያሳየው በ1980ዎቹ መገባደጃ በአርሲ የተከሰተው ጉዳይ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። አንድ ልጅ ነፃ መውጣቷ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ግን ጠለፋ "ባህል ነው" ተብሎ የሚታለፍበት ወግ በአገር ፊት ለክርክር መቅረቡ ነው።

ውጤቱ ተከታትሎ መጣ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ፤ ባልን አስተዳዳሪ ያደረገውን ድንጋጌ አስወግዶ የጋራ ንብረት በጋራ እንዲተዳደር ደነገገ። ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊን ቀዳዳ ደፈነ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም በግልጽ ወንጀል አደረገ። ይህ ሁሉ የአንድ ማኅበር ብቻ ሥራ ነው ማለት ሌሎችን መዝለል ይሆናል። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ይዞ፣ ከደንበኞቹ ጉዳይ ማስረጃ እየጠቀሰ በየመድረኩ የተከራከረው ግን በዋናነት ይኸው ማኅበር ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በኋላ ላይ የቤተሰብ ሕጉ ቀድሞ በሥራ ላይ የዋለባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሴቶች ከቤት ውጭ ወደሚከናወን ሥራ የመግባት ዕድላቸው የጨመረው ሕጉ በደረሰበት መሆኑን አይተዋል። እንዲህ ያለ ውጤት በየትኛውም የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አይገኝም። ለጋሹ የሚጠይቀው ቅጽ "ስንት ሴቶች ሠለጠኑ?" የሚል ነውና።

ገንዘቡ ከየት ነበር?

ከውጭ ነበር። ይህንን ለማለት መሽኮርመም አያስፈልግም። የኤምባሲዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የፋውንዴሽኖች ገንዘብ ነበር። የአባላት መዋጮ ነበረ፤ ግን በዚያ ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ሴት የሕግ ባለሙያዎች ቁጥር ትንሽ ነበር፤ የአንድ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ ደመወዝም ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይታወቃል።

የውጭ ገንዘብ ጠባይ ደግሞ አለው። በፕሮጀክት ይመጣል፣ ዕድሜው ተቆርጦ ይሰጣል፣ የሚወጣበት መደብ በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ ይመጣል፣ የተረፈ ካለ ይመለሳል። መጠባበቂያ አስቀምጡበት፣ ቤት ግዙበት፣ አከራዩና ከኪራዩ ኑሩ የሚል ለጋሽ ብርቅ ነው። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። የሴቶች መብት ድርጅቶችን ገንዘብ ለዓመታት የሚከታተለው አዊድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች ያሉ ድርጅቶችን ጠይቆ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የድርጅቶቹ አማካይ ቦታ ላይ ያለው ዓመታዊ ገቢ 20,000 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ግማሾቹ ከዚያ በታች ናቸው ማለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሌላ ሪፖርት ደግሞ ከልማት ዕርዳታና ከፋውንዴሽን ስጦታ 99 በመቶው በቀጥታ ለሴቶች መብትና ለፌሚኒስት ድርጅቶች እንደማይደርስ ይናገራል። "ጾታ" የሚለው ቃል ያልተጻፈበት የዕርዳታ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት ዘመን ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ማኅበሩ የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ጉዳይ ይዞ የፍትሕ አካላትን ዝምታ በአደባባይ ሲተች፣ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ሠርቷል ብሎ አገደው። የባንክ ሒሳቡም ታሰረ። እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ፣ አዲስ ሚኒስትር ሲሾሙ ነው። ያ ወቅት ማኅበሩ ለነፍሱ መያዣ የሚሆን የራሱ ገቢ እንዲያበጅ፣ ለጋሾቹም ለዚያ የሚሆን ገንዘብ እንዲሰጡት መንቂያ ደወል ሊሆን በተገባ ነበር። እገዳው ተነሣ፣ ሥራው በዝቶ ነበርና ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ስምንት ዓመት አለፈ።

አዋጁ ያለውና ያላለው

የ1997 ዓ.ም. ምርጫና ከዚያ በኋላ የደረሰው ሁሉ ለአዋጁ መነሻ መሆኑን የማይቀበል ጥቂት ሰው ነው። መንግሥት በበኩሉ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፦ የመብትና የፖለቲካ ጥያቄ የዜጎች ጉዳይ ነው፣ ዜጎች በራሳቸው ገንዘብ ይሟገቱበት፣ በውጭ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ልማት ላይ ይሠማራ። በዚያ ዘመን መንግሥታዊ ቋንቋ ድርጅቶቹ የኪራይ ሰብሳቢነት መረብ ተደርገውም ይሣሉ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 28 ቀን 2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621/2001ን አጸደቀ።

አዋጁ በየትም ቦታ "ስለ ሴቶች መብት መሥራት ክልክል ነው" አይልም። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ድርጅቶችን በሦስት ይከፍላል፦ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ። ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከአሥር በመቶ ያልበለጠው ብቻ "የኢትዮጵያ" ይባላል። ከዚያ አንቀጽ 14 ሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብትን፣ የጾታና የሃይማኖት እኩልነትን፣ የሕፃናትና የአካል ጉዳተኞችን መብት፣ ግጭት አፈታትን፣ የፍትሕ ሥርዓቱን ቅልጥፍና የሚመለከቱ ሥራዎችን ለዚህ ለመጀመሪያው ወገን ብቻ ይተዋል። "የውጭ ምንጭ" ማለት የውጭ መንግሥትና ድርጅት ብቻ አይደለም፤ በውጭ አገር የሚገኝ ማንኛውም ሰው ነው። በትርጓሜው ፊደል ከሄድን ዋሽንግተን የምትኖር ኢትዮጵያዊት ለእህቷ ማኅበር የምትልከው መቶ ዶላርም ከጣሪያው ሥር ይቆጠራል።

አንድ ነገር ለአዋጁ ደጋፊዎች መስጠት አለብኝ። "ሕዝባችሁ ለምን አይደግፋችሁም?" የሚለው ጥያቄ በራሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንም ማኅበር ራሱን ሊጠይቀው ይገባል። ጥያቄውን የጠየቀው ግን መልሱን አስቀድሞ የዘጋ አካል ነበር። ይኸው አዋጅ ከሕዝብ መዋጮ ለመሰብሰብ ድርጅቶቹን እንዲቆጣጠር ያቋቋመውን ኤጀንሲ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስሙ ያልታወቀ ለጋሽ እንዳይኖር ይከለክላል፣ ማኅበሩ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ልሥራ ቢል ከዓላማው ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቶ እንዲያስፈቅድ ያስገድደዋል። እጅህን አስሬ ዋኝ ማለት ይኸው ነው።

ነባር ድርጅቶች እንደገና እንዲመዘገቡ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ዓመት ነበር። ብዙዎች መንገዳቸውን ቀየሩ። "መብት" ከስማቸውና ከዓላማቸው ወጣ፤ "አገልግሎት"፣ "ግንዛቤ"፣ "ተጠቃሚነት" ገባ። አልፈርድባቸውም፤ የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ከቃላት ጋር ግብግብ የሚገጥምበት ዕድል ጠባብ ነው። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግን ከመብት ሥራው ሳይወጣ "የኢትዮጵያ" ሆኖ መመዝገብን መረጠ። ያንን ሲመርጥ ዘጠኙን ብር ከየት እንደሚያመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

የታሰረው ሒሳብ

ቀጥሎ የመጣው ከአዋጁም የከፋ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኤጀንሲው የማኅበሩንና የሰብአዊ መብቶች ጉባኤን የባንክ ሒሳቦች አሳገደ። ምክንያቱ ገንዘቡ ከውጭ የተገኘ መሆኑ ነው። ገንዘቡ የገባው ግን አዋጁ ከመውጣቱ በፊት፣ በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የታሰረው የማኅበሩ ገንዘብ ወደ 10 ሚሊዮን ብር እንደሚጠጋ፣ ማኅበሩም ከሠራተኞቹ 70 በመቶ የሚሆኑትን ለመቀነስ መገደዱን ጽፏል። ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ ምንዛሪ ገንዘቡ ስድስት መቶ ሺህ ዶላር አይሞላም። ለአንድ መንግሥት ኢምንት ነው፤ ለማኅበሩ ግን ወደ አዲሱ ኑሮ የሚያሻግረው ድልድይ ነበር።

ሠራተኛ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ማየት ያስተምራል። መጀመሪያ የሚጠፋው ጥናትና ሕግ የማስለወጥ ሥራ ነው፤ ዛሬ ባይሠራ ማንም በር አንኳኩቶ አይጠይቅምና። ቀጥሎ ከመዲናዋ ውጭ ያለው ሥራ ይሳሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው በር ላይ የቆመችው ሴት ናት። እሷን "ነገ ነይ" ማለት ስለማይቻል፣ ያለው ጉልበት ሁሉ አቤቱታ መጻፊያ ይሆናል። ማኅበሩን ያቆየውም ይኸው ነው፦ በየአካባቢው ያሠለጠናቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ጉዳይ የሚይዙ አባላት። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ተራ ቁጥር አልነበራቸውም። ሠንጠረዡ ሲቀደድ የቀሩትም ለዚህ ነው። ሁለተኛው እግር ግን ተቆረጠ። የወንጀል ሕጉን አንቀጾች ያስለወጠ ተቋም፣ አንቀጾቹ በየወረዳው ፍርድ ቤት እየተፈጸሙ መሆን አለመሆናቸውን የሚከታተልበት አቅም በሚያስፈልገው ሰዓት ላይ አጣ።

አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር እዚህ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ያቋቋመው ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ እንዲቆጠር ተፈቀደ። የብራስልስ ዩሮ "የአገር ውስጥ" ሆነ፤ የዋሽንግተኗ እህት መቶ ዶላር "የውጭ" ሆነ። ፈንዱ ለብዙ የመብት ድርጅቶች የመተንፈሻ ቀዳዳ መሆኑ እውነት ነው። ይኸው ልዩ ፈቃድ ግን የጉዳዩን ምንነት ያጋልጣል፤ ክርክሩ ስለ ገንዘቡ ዜግነት ሳይሆን በሩን ማን ይከፍታል በሚለው ላይ ነበር።

ዘጠኙ ብር ለምን ጠፋ?

ኢትዮጵያዊ አይሰጥም የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። እድር ያለ ለጋሽ ቀብር ያስፈጽማል፣ ሰንበቴና ማኅበር ያለ ፕሮጀክት ሰነድ ዘመናት ተሻግሯል፣ ዘካና ምጽዋት የዕለት ሥራ ነው። በቅርቡ በ2017 ዓ.ም. የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ስርጭት ሲለምን፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ገብቶለታል። ሰው ሳንቲሙንም ሚሊዮኑንም አውጥቷል።

ታዲያ ለሴት ጠበቆች ለምን አልወጣም? የምንሰጠው ለሚታይ ችግር ነው። የታመመ ሰው፣ ጎዳና የወደቀ አረጋዊ፣ ጉልላቱ ያላለቀ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የቀለብ ክስ አይታይም። ከዚህም አልፎ፣ በጎ አድራጎት እንደምናውቀው ወገን አይለይም፤ ሁሉንም ያስማማል። የሕግ ድጋፍ ግን ተቃራኒ ወገን አለው። ለጥብቅና አዋጡ ተብሎ የሚጠየቀው ነጋዴ ራሱ የነገ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን ወንድሙ ነው። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅን እንደ ጽድቅ የሚቆጥር ማኅበረሰብ ውስጥ "ትዳር ያፋታሉ" የሚባል ስም ለተለጠፈበት ማኅበር ቼክ መፈረም ድፍረት ይጠይቃል። መንግሥት አንድ ጊዜ ያገደውን፣ ሌላ ጊዜ ሒሳቡን ያሰረበትን ማኅበር በስሙ መደገፍ ደግሞ ለነጋዴ ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው፤ ስም ሳይጠቅሱ መስጠት በሕግ ተከልክሏልና።

እንዲህ ያለ ሥራ በየትኛውም አገር ገንዘቡን የሚያገኘው ከአጠቃላይ ምጽዋት ሳይሆን ለዚሁ ከተቋቋመ ኪስ ነው። በአምስተርዳም ማማ ካሽ የተባለው ፈንድ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በአክራ የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ ሲመሠረት፣ መነሻው ይኸው ነበር፦ ሴቶች ለሴቶች መብት የሚሆን የራሳቸው ገንዘብ ቤት ይኑራቸው፣ የሚሰጠውም ትግሉን የሚያውቅ እጅ ይሁን። በአዋጁ ዓይን ግን የአክራውም የአምስተርዳሙም ገንዘብ ያው የውጭ ገንዘብ ነው። አፍሪካዊነት ከጣሪያው አላስጣለም። በአገር ውስጥ እንዲህ ያለ ፈንድ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ዘር ገንዘብ ደግሞ ሊመጣ የሚችለው ከተከለከለው ወገን ነበር።

ለጋሾቹንም መውቀስ አለብኝ፤ በግልጽ። አንድ ማኅበር ለአሥራ አራት ዓመታት ሕግ ሲያስለውጥ፣ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ አንዱ እንኳ "ይህ ለእናንተ ነው፣ ሕንፃ ግዙበት፣ ለክፉ ቀን ይሁናችሁ" ተብሎ በሚበቃ መጠን ተሰጥቶ ቢሆን፣ የ2002 ዓ.ም. ታሪክ በሌላ መልክ ይጻፍ ነበር። ኪራይ የሚያስገባ አንድ ፎቅ በአሥር በመቶ ጣሪያ አይነካም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ ቤት ርካሽ ነበር።

በአዋጁ ላይ የመጣው የ70/30 ደንብ ይህንኑ አስተሳሰብ ሕግ አደረገው። ከወጪው ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው ማስፈጸሚያ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር። ሲሰሙት ደስ ይላል። ማስፈጸሚያ መመሪያው ግን የጉዞና የክትትል ወጪን ጭምር ወደ አስተዳደር አምድ ወሰደ። እህል ለሚያድል ድርጅት እህሉ ነው ሥራው፤ ሠራተኛው አስተዳደር ነው። መብት ለሚሟገት ማኅበር ግን ሥራው ራሱ ሰው ነው፦ ጠበቃዋ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የምትሄድበት አውቶቡስ፣ ምስክር ፍለጋ የምትዞርበት ቀን። ይህንን "አስተዳደር" ብሎ የሚመዘግብ የሒሳብ አያያዝ የመብትን ሥራ በሥራነቱ አላወቀውም። ለፍትሕ ያህል፣ ብዙዎቹ የውጭ ለጋሾች ቅጾችም ከዚህ የተለየ አያስቡም።

ጣሪያው ተነሣ፤ ከዚያስ?

በ2010 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ ነገሮችን አፈጠነ። በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው የሕግና ፍትሕ አማካሪ ጉባኤ መጀመሪያ ካነሣቸው ሕጎች አንዱ ይኸው አዋጅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በቦታው ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ጥር 28 ቀን ምክር ቤቱ አዲሱን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011ን አጸደቀ። የአሥር በመቶው ጣሪያ ቀረ። ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ፣ ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ በግልጽ ተፈቀደ። የአስተዳደር ወጪ ግን ከ30 ወደ 20 በመቶ ወረደ። ሕንድም በ2020 እ.ኤ.አ. የውጭ መዋጮ ሕጓን ስታሻሽል የአስተዳደር ወጪን ከ50 ወደ 20 በመቶ አውርዳለች። ቁጥሩ በሁለት አገር መገጣጠሙ አጋጣሚ ይሆናል፤ አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው።

ጣሪያ ማንሣት በአንድ ቀን ድምፅ ይቻላል፤ አሥር ዓመት መመለስ አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. የተበተኑት ባለሙያዎች ሌላ ሥራ ይዘዋል፣ አገር የለቀቁ አሉ። በዚያ አሥር ዓመት ከሕግ ትምህርት ቤት የወጡ ሴቶች የመብት ማኅበር ማለት በጀት የሌለው፣ የተፈራ ቤት መሆኑን እያዩ ነው ያደጉት። የውጭ ገንዘብ ሲመለስም እንደ ድሮው በፕሮጀክት ተከፋፍሎ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ትኩረቱም ገንዘቡም ወደ አስቸኳይ ዕርዳታ ዞረ። ማንም በዚያ ሰዓት ከዱቄት በፊት ችሎት ሊል አይችልም፤ ምንም እንኳ በጦርነቱ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ችሎት የሚሻ ቢሆንም።

አንድ የጊዜ ንጽጽር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የአሥር በመቶው ረቂቅ በሚመከርበት በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የኔዘርላንድ መንግሥት በሄግ ለሴቶች መብት ድርጅቶች ብቻ የሚሆን 50 ሚሊዮን ዩሮ ፈንድ ከፍቶ ነበር። በጊዜው በዓለም ከነበሩት ለዚህ ሥራ ከተመደቡ ትልልቅ ገንዘቦች አንዱ ነው። ያኔ ገንዘቡ ነበረ፤ በሩ ተዘጋ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን የውጭ ዕርዳታዋን አገደች። በቀጣዩ ወር ሄግ ለሴቶች መብትና ለጾታ እኩልነት ትሰጠው የነበረውን የልማት ገንዘብ እንደምታቋርጥ አስታወቀች። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በዚያን ቀንም ሥራ ላይ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያም አልነበረም።